ዝም ያለው ማሳ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ገልብጫለሁ። ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣም ለእናቴ አነብላታለሁ። ከራሴ አውጥቼ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው። መናገር የሚችል ሰው ሲናደድ ይናገራል። እኔ ሰው ፊት አፌን ስከፍት ፊቴ እስከ ጆሮዬ ይቃጠላል፤ የያዝኩት ቃልም ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን አያየኝም።

ያናደደኝ ነገር የተነገረው ባለፈው እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት የሰፈራችን ሴት ሁለት ልጃገረዶች ፊት ትከሻዬን ይዛ፣ «ይህችን እዩ። አባቷ ሲሞት እኮ አለቀላት ብለን ነበር። እኛ አይዞሽ፣ አይዞሽ እያልን አበረታናት፤ ይኸው ሰው ሆነች» አለች። ልጆቹ በአድናቆት አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

እውነቱን ልጻፈው።

አባቴ ካቻምና ሞተ። ወገቡን ታሞ ብዙ ዓመት ተኝቷል፤ ትምህርቴን ያቆምኩትም እሱን ለማስታመም ነው። ለቅሶው ላይ የመጣ ሰው ሁሉ እጄን እየያዘ አይዞሽ አለኝ። የቅሬው ሰዎች አይዞሽ አሉኝ፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ከጎብዬና ከዋጃ የመጡ ዘመዶች አይዞሽ አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አይዞሽ ሲዘንብብኝ ሰነበተ። ከዚያ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ወንበሩ ጋሪ ላይ ተጫነ፤ አይዞሽም አብሮ ተጭኖ ሄደ። ያንን ቃል ካሉኝ ሰዎች አንዱ እንኳ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶልኝ ቢሆን፣ አንዱ እናቴን ጤና ጣቢያ አድርሶልኝ ቢሆን ቃሉን አልጠላውም ነበር።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ላይ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ዳገትና መሰላል ግን አይሆንላትም። ያለን አንድ ማሳ ነው፤ ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ። አምና ያንን ማሳ ያረሰልንና ማሽላውን የዘራልን የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አያ እለዋለሁ። በገዛ በሬው ነው ያረሰው፤ ይህን አልክድም። ዘርቶ የጨረሰ ቀን ደጃችን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እግሩን እየታጠበ እንዲህ አለ፦

«ዘንድሮን አርሻለሁ። ጠባቂ ጠፍቶ ወፍ ከበላው ግን ለከርሞ መሬቱን እኔው እይዘዋለሁ። ልጅቷስ እዚህ ምን ታደርጋለች? እኩዮቿ አረብ አገር ገብተው እናቶቻቸውን እየጦሩ ነው።»

«እስቲ ዘንድሮን እንየው» አለች እናቴ።

እኔ ውሃውን እያፈሰስኩለት ነበር። እነሱ ግን በዚያች ቀን በእኔ ላይ ተስማሙ፤ ማሽላው ከተረፈ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ከተበላ እሄዳለሁ። አረብ አገር ሄዳ የተመለሰች አንድ የክፍል ጓደኛ አለችኝ። ክንዷ ላይ ጠባሳ አለ። ምን እንደሆነች ስጠይቃት እጅጌዋን ትጎትትና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች።

ቆላ ላላደገ ሰው የወፍ ጥበቃን ልንገረው። ማሽላ እሸት ሆኖ ወተት ከያዘ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ አንስቶ እስክትጠልቅ ሰው ማማ ላይ ይውላል። ማማው አራት ባላ ተተክሎ፣ ላዩ በእንጨት ተረብርቦ፣ በአገዳ ጥላ የተሠራለት ነው። ወንጭፍ ይያዛል፤ የደረቀ የጭቃ ድብልብል ይከመራል። ዋናው መሣሪያ ግን አፍ ነው። ወንጭፍ አንድ ቦታ ይመታል፤ ድምፅ ማሳውን ሁሉ ያዳርሳል። አንዱ ሲጮህ ወፉ ወደ ቀጣዩ ማሳ ይሸሻል፤ የዚያ ማሳ ጠባቂ ደግሞ ይቀበልና ይጮሃል። እንዲህ እየተቀባበሉ ከአገር ያስወጡታል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ዝም ያለ ማሳ ካለ ግን ወፉ ሁሉ እዚያ ያርፋል።

ዝም ያለው ማሳ የእኔ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማማው ላይ ወጥቼ አፌን ከፈትኩ። በየማማው ያለ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ መሰለኝ። የወጣኝ ድምፅ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ድምፅ ነው። በስተግራዬ ካለው ማማ ሁለት ወንድማማቾች ሰሙኝ።

«አንቺ! ወፎቹን ሻይ ጠጡ እያልሽ ነው?» አለ አንዱ።

«ኧረ ቁጭ በሉ፣ ደክሟችኋል እያለቻቸው ነው» አለ ሌላው።

ሳቁ። ከዚያ በኋላ በወንጭፍ ብቻ ሞከርኩ። ክንዴ እስኪዝል እወረውራለሁ፤ ወፎቹ ከዚህ ጥግ ተነሥተው እዚያ ጥግ ያርፋሉ። በሳምንቱ የእኛ ማሳ «ዲዳው ማሳ» የሚል ስም ወጣለት።

በማሳው ዳር የእግር መንገድ ያልፋል። ወደ ቆቦ ገበያ የሚወርድ ሰው ቀና ብሎ ያየኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር አለ!» ይላል። እንዲህ እያለ እጁን ይሰድና ከዳር ካለው ማሽላዬ መሃል ጥንቅሽ መርጦ ይሰብራል። ያንን ጣፋጭ አገዳ እየላጠ፣ እየመጠጠ፣ ልጣጩን እየተፋ ይሄዳል። እግዜር እንዳለማ እኔም አውቃለሁ። እኔ ማማ ላይ ግን እሱም ዝም ብሎ ነበር። በእሱም ተናድጄ ነበር፤ ይህን መጻፍ ይከብዳል፣ ግን እውነት ነው።

ጣሳዎች በገመድ አሰርኩ። ማማው ላይ ሆኜ ገመዱን ስስበው ማሳው ዳር እስከ ዳር ይንኳኳል። ሁለት ቀን ሠራልኝ። በሦስተኛው ቀን ወፎቹን ገመዱ ላይ ተደርድረው አየኋቸው።

ከእኔ ማሳ በስተቀኝ ያለው ማሳ የአንዲት ሙስሊም ባልቴት ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸው ማማ ላይ ይወጣሉ። ወፍ እንደ እሳቸው የሚሳደብ ሰው በቆላው የለም። ሌላው ሰው ዝም ብሎ «ሆ!» ይላል፤ እሳቸው ግን ከወፎቹ ጋር ይነጋገራሉ።

«እናንተ ጥፍራም! ማን አረሰላችሁ? ማን አረመላችሁ? በሐምሌ ጭቃ የት ነበራችሁ? ዛሬ ሲበስል ጊዜ ዘመድ ሆናችሁ መጣችሁ! ውጡ! ወላሂ አንዳችሁንም አልምር!»

ወፉም የገባው ይመስል ከእሳቸው ማሳ ይነሣል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ።

ያቺ የክፍል ጓደኛዬ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ሰጥታኝ ነበር። ትንሽ ስፒከርም አብራ አውሳኛለች። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ይዤ ድንበሩ ላይ አገዳ ውስጥ ተደበቅኩና የእማማን ስድብ ቀዳሁት። ስፒከሩን ማማዬ ላይ ሰቅዬ ደጋግሞ እንዲጮህ አደረግኩት። ወፉ ሸሸ። ለሁለት ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አገዳው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ እማማ በምርኩዛቸው ማሽላውን ግራና ቀኝ እየከፈሉ መጡ። ከራሴ በላይ የእሳቸው ድምፅ «ማን አረሰላችሁ?» እያለ ይጮሃል።

«እዚህ እኔን ሆኖ የሚጮኸው ማነው?» አሉ።

ከማማው ወረድኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«ቆይ አንቺ፣ እሱ ይጨርስ!» ቀና ብለው ስፒከሩን አዳመጡት። «አሁንም ማን አረሰላችሁ? ደግሞም ማን አረሰላችሁ? እኔ አንድ ነገር ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ የምለው? ሰው ሲሰማ አሮጊቷ ጃጀች ይለኛል እኮ!»

«ወፉ እምቢ ቢለኝ ነው...»

«ድምፄን ሰረቅሽኝ። ዶሮ ብትሰርቂኝ ይሻል ነበር፤ ዶሮስ ትታረዳለች፣ ያልቃል።»

አለቀስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አይዞሽ ይል ነበር። እማማ ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስክጨርስ ጠበቁ።

«አበቃሽ? ወፍ ለቅሶ አይሰማም። አባትሽ እንደሞተ አውቃለሁ፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሱ ተነሥቶ ማሽላ አይጠብቅልሽም። ዝጊው ይህን ነገር።»

ዘጋሁት።

«አሁን ጩሂ።»

«አልችልም እማማ።»

«ጥርስ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ስንት?»

«ሁሉም አለ።»

«እኔ የቀረኝ ሦስት ነው። አንዱም ይነቃነቃል» አሉና በመጡበት ተመለሱ።

ያን ቀን ከአያ ይልቅ እሳቸውን ጠላሁ። ወፉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳው ስደርስ ቆርቆሮ ሲመታ ሰማሁ። እናቴ ናት። መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትደበድባለች። በየመሃሉ «እመቤቴ ማርያም፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ትላለች። እኔ ከእንቅልፌ ሳልነሣ ከቤት ወጥታ፣ አሥር እርምጃ እየሄደች፣ እየተቀመጠች ነው እዚያ የደረሰችው። ቀሚሷ አቧራ በአቧራ ሆኗል።

«ማን ነይ አለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት።

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«ጉልበትሽስ?»

«ያመመኝ ጉልበቴ ነው፤ እጄ ደህና ነው።»

ልስማት ይገባኝ ነበር፤ አልሳምኳትም። ተናድጄ ማማው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሳያት ደግሞ በማን እንደተናደድኩ ጠፋኝ። በእሷ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አገሬው ሁሉ እያየ ደግፌያት እንመለሳለን፤ ጠዋት ጠዋት ቀድማኝ ትገኛለች። አንድ ቀን ማታ ስንመለስ ሰው የጫነ ባጃጅ አቧራውን እያለበሳት ሲያልፍ፣ ከውስጥ አንዱ አንገቱን አውጥቶ «አይዞሽ እናቴ!» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ባጃጁ ግን አልቆመም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አያ መጣ። ማሳው ውስጥ ገባ፤ አንድ የማሽላ ራስ ቀጥፎ በመዳፉ ፈተገውና እፍ አለበት። መዳፉ ላይ ምንም አልቀረም።

«ይኸው» አለ ለእናቴ እያሳየ። «ገለባ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዬ ላይ ያረፈ ገለባ በእጁ አንሥቶልኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞሽ፣ አንቺ ልጅ። አረብ አገር ወፍ የለም። በሚመጣው ገበያ ቆቦ ትወርጂና የፓስፖርት ፎቶ ትነሻለሽ» አለኝ። ከልቡ ነው የተናገረው። ያዘነልኝ መስሎታል።

ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ ማለቴ ነበር። ለዚያች ራስ መነቅነቅ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። እናቴ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ ይዛ አየችኝ።

ግሪሳ የሚባለው የወፍ መንጋ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከዞብል ተራራ በኩል መጀመሪያ ደመና መሰለኝ፤ ከዚያ ደመናው ዞረ፣ ተጠቀለለ፣ ወረደ። በየማማው ጩኸት ተነሣ፤ ጅራፍ ጮኸ። ወፉ ከማሳ ማሳ እየተገፋ መጥቶ እኔ ላይ ተደፋ። አገዳው በክብደቱ ጎበጠ። ሲበላ ድምፁ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ይመስላል። የእናቴ ቆርቆሮ በዚያ ሁሉ መሃል የማይሰማ ትንሽ ኳኳታ ሆነ። ቁልቁል አየሁ። እናቴ እንደማይሰማ ገብቷት ቆርቆሮውን ከራሷ በላይ ይዛ ልትነሣ ትሞክራለች። በዚያ ጉልበት። ግማሽ ድረስ ተነሣችና በጎኗ ወደቀች። ወድቃም መታችው።

«አይዞሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ለምን ያ ቃል እንደወጣ አላውቅም። ለእናቴ አልነበረም። ለወፉም አልነበረም። አንዴ ከወጣ ግን ተከትሎት የመጣውን ማቆም አልቻልኩም።

«አይዞሽ! አይዞሽ እያላችሁ ጨረሳችሁኝ! አይዞሽ እያላችሁ ጥንቅሼን የምትሰብሩ! አይዞሽ ብላችሁ ድንኳናችሁን ነቅላችሁ የሄዳችሁ! እናቴ መሬት ለመሬት ስትሄድ በባጃጅ ያለፋችኋት! አረብ አገር ወፍ የለም ያልከኝ፣ የእኔ ወፍ እዚህ ነው! አልሄድም! ፎቶም አልነሣም! አንተም ከላይ ያለኸው፣ እሷ ስትጠራህ የምትውለው አይሰማህም ወይ? ተነሡ! ከማሳዬ ተነሡ! ማን አረሰላችሁ!»

ግሪሳው ተነሣ። እንዳለ፣ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ንፋሱ ፊቴን መታኝ። ከዚያ በየማማው ያለው ጩኸት ሁሉ ጸጥ እንዳለ አስተዋልኩ። አገር ምድሩ እኔን እያዳመጠ ነበር። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ተቃጠለ፤ ልቀመጥ ጉልበቴን አጠፍኩ።

በስተቀኝ ካለው ማማ የእማማ ድምፅ መጣ።

«አልሰማሁም! ድገሚው!»

«ማንን ነው ደግሞ የምትሰድበው?» አለ በስተግራ ካሉት ወንድማማቾች አንዱ።

«አንተን ነው! ጥንቅሿን ማን ነበር ሲመጥ የሰነበተው?» አሉት እማማ። «ድገሚው አንቺ! ይኸውልሽ እየዞሩ ነው!»

ወፉ እውነትም እየዞረ ነበር። ደገምኩት። ሲመለስ ሠለስኩት። በሦስተኛው ላይ ወንድማማቾቹ «ጨምሪላቸው!» እያሉ ከእኔ ጋር መጮህ ጀመሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለውም ተቀበለ። እኩለ ቀን ላይ ግሪሳው ወደ መጣበት ተመለሰ። የእኔም ድምፅ አብሮት ሄደ፤ ከጉሮሮዬ ንፋስ ብቻ ይወጣ ነበር።

ወርጄ እናቴን አነሣኋት። ቀሚሷን እያራገፍኩ ስለ እግዜር ያልኩት ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። እናቴ አየችኝ።

«ለእመቤቴ እኔ ይቅርታ ጠይቄልሻለሁ» አለች። «አንቺ ነገም ጩሂ።»

አመሻሹ ላይ እማማ ቤታችን መጡ። በነጠላቸው የሸፈኑት ጣሳ ይዘዋል።

«እንኪ፣ ጠጪ። ለጉሮሮ ቅቤ ነበር የሚሻለው፤ ግን ጾም ላይ ናችሁ። ተልባ ነው፤ ጣሳውንም በሙቅ ውሃ አጥቤዋለሁ። ጉሮሮሽ ካልለሰለሰ ነገ በምን ትሰድቢያቸዋለሽ?»

የነቢያት ጾም ከገባ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። እኔ ራሴ በዚያ ቀን ጾም መሆኑን ረስቼ ነበር። እሳቸው አልረሱም። ተልባውን ስጠጣ ያለቀስኩት በዚህ ነው፤ እሳቸው ግን ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሏቸው «ቀስ በዪ» አሉኝ። ከዚያ ለእናቴ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦ «ከነገ ጀምሮ እስከ ረፋድ ሁለቱንም ማሳ እኔ እይዛለሁ። ከረፋድ በኋላ እሷ ትያዝ። አንዳችን ስንጮህ አንዳችን እንረፍ። አንቺም እቤትሽ ቁጭ በዪ።»

«እኔ አልቀመጥም» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ከእኔ ማማ ሥር ጥላ አለ፤ እዚያ ሆነሽ ደብድቢ።»

እንዲያው ሆነ። ማሽላው እስኪጠነክር ድረስ አንድም ቀን አልቀረንም። ፎቶ የምነሣበት የገበያ ቀን መጣ፤ ማማ ላይ ዋልኩ። ድምፄ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀን ሐፍረቱ ይመለስብኝና ተራዬ ሲደርስ ለመጀመር እናቴን አያታለሁ። እማማ አንድም ቀን ጎበዝ አላሉኝም። ሶላታቸውን ማማው ሥር ሰግደው እጃቸውን ሲዘረጉ ግን፣ «ያ አላህ፣ ለዚህች ልጅ ጉሮሮ ስጣት» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ስለ ሌላው ነገር አልለመኑልኝም።

ያጨድነው አባቴ በነበረ ጊዜ የምናጭደውን ያህል አይደለም። ዳር ዳሩ ገለባ ነበር። መሃሉ ግን ተረፈ፤ እኔንና እናቴን እስከሚቀጥለው እሸት ያደርሳል። አያ አውድማው ላይ መጣ። አንድ ራስ አንሥቶ በመዳፉ ፈተገና እፍ አለ። ፍሬው መዳፉ ላይ ቀረ። አፉ ውስጥ ጨመረው።

«ድምፅ አለሽ ለካ» አለ እያኘከ።

«አያ፣ አልሄድም» አልኩት። መሬት መሬት እያየሁ ነው ያልኩት፤ ግን ተሰማ።

«ሰምቻለሁ። ጎብዬ ድረስ ተሰምቷል።» ጆንያ አነሣ። «በባጃጅ ያለፍኳት እኔ አይደለሁም።»

«አንተ ነህ አላልኩም።»

«ሚስቴ ግን አንተ ነህ ነው የምትለኝ» አለና ምርቱን በጆንያ መሙላት ጀመረ። ዘንድሮም እያጉረመረመ፣ ከራሱ ማሳ በኋላ፣ አረሰልን። መሬቱ በእናቴ እጅ ነው።

ይኸው ነው እውነቱ። እኔን ያበረታኝ አቧራ የለበሰ የእናቴ ቀሚስ ነው። በሙቅ ውሃ የታጠበ ጣሳ ነው። ሦስት ጥርስ የቀራቸው ባልቴት ስድብ ነው። ያቺ የቤተ ክርስቲያን ሴት ጥንቅሽ ከሚሰብሩት አንዷ ነበረች፤ ማማ ላይ ሆኜ አይቻታለሁ። እሁድ ዕለት ይህን በፊቷ ልናገር ይገባኝ ነበር። ለወፍ የማይጠፋኝ ድምፅ ለሰው አሁንም ይጠፋኛል። ለዚህ ነው የጻፍኩት። እነዚያ ሁለት ልጃገረዶች ማንበብ ይችላሉ።

ማሽላው ዘንድሮም ወተት ይዟል። ትናንት ማማዬ ላይ ስወጣ በስተቀኝ በኩል ምንም ድምፅ አልነበረም። ተራው የእሳቸው ነውና ረፋድ እስኪሆን ጠበቅኩ፤ ዝም። ወርጄ በአገዳው መሃል ሮጥኩ። እማማ ማማቸው ሥር ጋቢ ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሳል ድምፃቸውን ወስዶታል፤ መሰላሉን ሁለት ጊዜ ሞክረው እንዳልቻሉ የተፈነቀለው እንጨት ይናገራል። ዓይናቸው እንደ ወትሮው ቁጡ ነው። አጠገባቸው ቆምኩ። አይዞዎት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። እኔው ራሴ ልለው ነበር። ጥርሴን ነክሼ መለስኩት፤ በእሱ ቦታ ሌላ ቃል ስፈልግ ግን አጣሁና እንደ ግንድ ደርቄ ቀረሁ።

እማማ ቀና ብለው አዩኝ፤ በሹክሹክታ፣ በዚያ በተረፈ ትንፋሻቸው፣ «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ወፎቹ ማሳዬ ውስጥ ናቸው እኮ» አሉኝ።